መርከበኛው ናታንኤል ፒርስና ንድፍ ሠሪው ሄንሪ ሶልት



ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ መርከበኛ ታሪክ ለመጻፍ ማሰቤን በነገርኳቸው ጊዜ፥ ጓደኞቼ «እኛ የዲቾቶ ልጆች ስለ መርከብ ምን አግብቶን!» ብለው ሳቁብኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዛችን አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በከተማችን በኩል ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲመላለሱ እናያለን፤ ከመርከብ የወረደውን ዕቃ እናያለን፤ ባሕሩን ራሱን ግን ያየን ጥቂቶች ነን።

ይሁን እንጂ የአፋር ምድር ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ አይደለም። በሰሜን በኩል የሚገኘው የአሳሌና የዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚያ ገብቶ ነበረ፤ መግቢያው በተዘጋ ጊዜ ውኃው በፀሐይ ኃይል ደረቀና ጨው ብቻ ቀረ። እንግዲህ ባሕሩ ጥሎን ቢሄድም ጨዉን ትቶልን ሄዷል ማለት ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በዚህ የጨው ሜዳ ላይ አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኛ የነበረ ሰው በእግሩ ተጕዟል። ወዳጁ የነበረው ንድፍ ሠሪ ደግሞ በመርከብ ወደ አፋር የባሕር ዳርቻ መጥቶ ያየውን በወረቀት ላይ አስፍሯል። የመጀመሪያው ናታንኤል ፒርስ፥ ሁለተኛው ሄንሪ ሶልት ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ሕይወት ባጭሩ እተርካለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ናታንኤል ፒርስ በ1779 በሎንዶን አጠገብ በምትገኘው በኢስት አክተን ተወለደ። ወላጆቹ ትምህርት ቤት ቢያስገቡትም ምክር የማይሰማ ልጅ ስለ ሆነ፥ ሙያ ይማር ተብሎ ለአንድ አናጢ ተሰጠ። ከአናጢው ዘንድ ጠፍቶ ወደ መርከብ ሄደ። በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ለአንድ የቆዳ ነጋዴ ቢሰጡት፥ ያንንም ትቶ በጦር መርከብ ላይ ተቀጠረ። ሁለት ጊዜ ከየብስ ሥራ ኰብልሎ ወደ ውኃ የሄደ ልጅ ባሕርን ምን ያህል እንደ ወደደ ከዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን የባሕር ኑሮ ለወጣቱ ፒርስ ጨዋታ አልሆነለትም። በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሣይ በብርቱ ይዋጉ ነበር። በ1794 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በፈረንሣዮች እጅ ተማረከ። ብዙ ጊዜ ለማምለጥ ሞክሮ በመጨረሻ ተሳካለትና ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በብዙ መርከቦች እየተዘዋወረ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ መጣ። እዚያም ከመርከቡ ከድቶ በየመን ወደብ በሞካ ቀረ። ይህን የመክዳት ሥራውን አላመሰግንለትም፤ ወታደር የገባውን ቃል ማፍረሱ ነውር ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን የሚወደውን ብቻ መርጦ የማይወደውን መደበቅ ስለማይገባው፥ የሆነውን እንደ ሆነ ጻፍኩት።

ሄንሪ ሶልት ከዚህ የተለየ ሰው ነበረ። በ1780 በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ጨው» ማለት ነው፤ ወደ ጨው አገር መምጣቱ ስሙ የመራው ያስመስላል። በሎንዶን የሥዕል ትምህርት ተምሮ፥ በ1802 ሎርድ ቫለንሺያ የተባሉት መኰንን ወደ ምሥራቅ አገሮች ሲጓዙ ጸሐፊያቸውና ንድፍ ሠሪያቸው ሆኖ ተከተላቸው። ወደ ሕንድና ወደ ሴይሎን ሄደው ካዩ በኋላ በ1804 ወደ ቀይ ባሕር መጡ።

ዛሬ ፎቶግራፍና ሳተላይት ስላለ የንድፍ ሠሪ ጥቅም ለብዙዎቻችን ላይታወቀን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ያለ ንድፍ ሠሪ የባሕር ካርታ አይሠራም ነበር። መርከበኞቹ በትንሽ ጀልባ ወደ ዳርቻው እየቀረቡ፥ ጫፉ ላይ እርሳስ ብረት የታሰረበትን ገመድ ወደ ውኃው ይጥላሉ። ገመዱ ምን ያህል እንደ ወረደ በማየት ጥልቀቱን ያውቃሉ። በብረቱ ግርጌ ባለው ጐድጓዳ ላይ ሞራ ስለሚቀቡበት፥ ከባሕሩ ወለል አሸዋ ወይም ጭቃ ይዞ ይወጣል። በዚህም መልሕቅ የሚይዝ መሬት መሆኑና አለመሆኑ ይለያል። ከዚህ በኋላ በኮምፓስ የተራራውንና የደሴቱን አቅጣጫ እያዩ በወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። ንድፍ ሠሪው ደግሞ ዳርቻው ከመርከብ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል፥ ተራራውን በተራራነቱ ኰረብታውን በኰረብታነቱ ይስላል። በዚህ ሥራ ስሕተት ከተገኘ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ አንድ ድንጋይ ቢረሳ መርከብ ከነሰዉ ይሰጥማል። ስለዚህ ማስመሪያና እርሳስ የሚይዝ እጅ መቅዘፊያ ከሚይዝ እጅ አያንስም።

ሎርድ ቫለንሺያ ወደ ቀይ ባሕር የመጡት ለእውቀት ፍቅር ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ከኢትዮጵያ ጋር የሚገበያዩበትን በር ለመክፈትና ፈረንሣይን ለመቅደም ያስቡ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1805 ሶልትን ወደ ትግራይ ገዢ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ላኩት። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጐንደር በስም ብቻ ይኖሩ ነበር፤ እውነተኛው ሥልጣን በየአገሩ ባሉት መሳፍንት እጅ ነበረ። ራስ ወልደ ሥላሴም ከእነዚህ ከታላላቆቹ አንዱ ነበሩ። በሞካ የቀረው መርከበኛ ፒርስ የአገሩን ሰዎች መርከብ ባየ ጊዜ ወደ እነርሱ ሄዶ ተቀላቀለ፤ ከሶልትም ጋር ወደ ደጋ ወጣ። መርከበኛውና ንድፍ ሠሪው የተወዳጁት በዚህ ጊዜ ነው።

ከምጽዋ ተነሥተው በበቅሎ ራሱ ወደሚቀመጡበት ወደ እንጣሎ ደረሱ። ራስ ወልደ ሥላሴም በክብር ተቀበሏቸው። ሶልት በዚህ ጕዞ አክሱምን አየ። ቆሞ የሚገኘውን ሐውልት ሣለ፤ በንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ያለውንም የግሪክ ጽሑፍ ገለበጠ። ከእርሱ በፊት ጀምስ ብሩስ የተባለው መንገደኛ ያሳተመው የሐውልቱ ሥዕል ትክክል አለመሆኑንም አመለከተ። ሥዕሎቹ በ1809 በሎንዶን በትልልቅ ወረቀት ታትመው ወጡ፤ ብዙዎች የአውሮፓ ሰዎች አክሱም ምን እንደምትመስል ያወቁት ከእነዚህ ሥዕሎች ነው።

የመመለሻው ጊዜ በደረሰ ጊዜ ሶልት ሥዕሎቹን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ፤ ፒርስ ግን በራሱ ፈቃድ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ቀረ። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት በዚህ ላይ ጐልቶ ይታያል። አንደኛው አይቶ ሄደ፤ ሁለተኛው ለመኖር ተቀመጠ። የፒርስ ዕድሜ በዚያን ጊዜ 26 ዓመት ነበረ።

ኑሮው መጀመሪያ ላይ መልካም አልሆነለትም። በራሱ ግቢ የነበሩ አንዳንድ መኳንንት ፈረንጁን በክፉ ዓይን ስላዩት ከራስ ተጣልቶ እስከ መለየት ደረሰ። ይሁን እንጂ በ1807 ጠላቶች ተባብረው በራስ ወልደ ሥላሴ ላይ በተነሡ ጊዜ፥ ፒርስ ቂሙን ትቶ ወደ ጌታው ተመለሰና በጦርነቱ ታላቅ ጀግንነት አሳየ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ራስ ወደዱት። ከመርከብ የከዳው ሰው በተራራ ላይ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። በአገሩ ይኖር የነበረ የአንድ ሽማግሌ ግሪካዊ ልጅ አገባ፤ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ ልማዱንም ለመደ። አስቀድሞ ጥሎት የጠፋው የትምህርት ነገር ቈይቶ እርሱን ፈልጎ ያገኘው ይመስላል፤ ያየውን የሰማውን ሁሉ በማስታወሻ ይጽፍ ጀመረ።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ ወደ አፋሮች አገር ይመጣል። በ1809 የእንግሊዝ መንግሥት ሶልትን ለሁለተኛ ጊዜ ላከው። ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ነበር። ወደ ደጋ የሚወስደው የምጽዋ መንገድ በባለሥልጣኖቹ ምክንያት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ሌላ በር ለመፈለግ በአፋር የባሕር ዳርቻ ወዳለው ወደ አምፊላ ሰርጥ መጣ። ይህ ስፍራ በምጽዋና በአሰብ መካከል የሚገኝ፥ ዛሬ በ1993 ነፃነትዋን ባወጀችው በኤርትራ ግዛት ውስጥ ያለ ነው። ፒርስም ከደጋው ወርዶ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወዳጁን በአምፊላ አገኘው። ለአራት ዓመት ያህል ያላየውን ባሕርና መርከብ እንደገና ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን? እኔ ይህን ሳስብ፥ ወጣቱ መርከበኛ በዚያች ቀን ወደ አገሩ ለመመለስ በቂ ምክንያት እንደ ነበረው አያለሁ። እርሱ ግን ወደ ደጋ ተመለሰ።

በመመለሻው ጊዜ ዊልያም ኮፊን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ አብሮት ሄደ። የጨውን ሜዳ ያቋረጡት በዚህ ጕዞ ነው። ጨዉ እግር ስለሚያቆስል ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ጫማ አደረጉ። መሬቱ መጀመሪያ ለስላሳ፥ ወደ ውስጥ በገቡ መጠን ግን እንደ በረዶ የጠነከረና የነጣ ነበር። ሰዎች ጨዉን በትንሽ መጥረቢያ እየቈረጡ አሞሌ ሲያበጁ፥ በግመልና በአህያም ወደ ደጋ ሲያጓጕዙ የነበረበት ስፍራ ይህ ነው። አሞሌ በዚያን ጊዜ በመላው ኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ በጐንደር ገበያ የሚሸጥ የሚለወጥበት ገንዘብ ከአፋር ምድር የተቈረጠ ነበር ማለት ነው። ልብ ብለን ካየነው ነገሩ አስደናቂ ነው፤ በውኃ ላይ ያደገው መርከበኛ ውኃ በሌለበት፥ ከባሕር ወለል በታች በሆነ ደረቅ ባሕር ላይ በእግሩ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሁለቱ እንግሊዛውያን ያን በረሃ ብቻቸውን አላቋረጡትም። ውኃ ያለበትን ጕድጓድ የሚያውቅ፥ ግመል የሚጭን፥ በየጐሣው ዘንድ አማላጅ ሆኖ የሚያሳልፍ የአገሩ ሰው ባይኖር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አይሰነብቱም ነበር። በአፋር ባህል መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ይባባላል፤ የየአገሩን ወሬ፥ የዝናቡን፥ የሣሩን፥ የሰላሙን ነገር ተራ በተራ ይለዋወጣል። የእኛ ካርታ ይህ ነበር፤ በቃል የሚነገር፥ በልብ የሚታተም ካርታ። መንገድ ይመሩ የነበሩት ሰዎች ግን በእጃቸው የጻፉት መጽሐፍ የለም። ስለዚህ በዛሬው ቀን ስለዚያ ጕዞ ስንናገር የምንጠራው የፒርስንና የኮፊንን ስም ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሶልት በ1810 በምጽዋ በኩል ወደ ደጋ ወጥቶ በጨለቆት ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር እንደገና ተገናኘ። ወደ ጐንደር የሚወስደው መንገድ በጦርነት ምክንያት ስለ ተዘጋ፥ ለንጉሠ ነገሥቱ የመጣውን ስጦታ ለራስ ሰጥቶ ተመለሰ። በ1814 ስለ ጕዞው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የምሥራቅ አፍሪቃ ቋንቋዎች ቃላት ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የአፋር ቋንቋ ነው። ከዚህም በላይ በበረሃችን የምትሮጠውን ትንሽ እንሹ የአውሮፓ የተፈጥሮ ሊቃውንት በ1816 በሶልት ስም ጠርተዋታል። ወገንዋ የሚታወቅበት «ማዶኳ» የሚለው የሳይንስ ስም ደግሞ «ሚዳቋ» ከሚለው ከራሳችን ቃል የተወሰደ ነው። እንሹዋ ከሶልት በፊትም በአዋሽ ቈጥቋጦ ውስጥ ነበረች፤ በዓለም መዝገብ የገባችው ግን ጽፎ ባስመዘገባት ሰው ስም ነው።

ፒርስ በትግራይ በቈየበት ዘመን ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የነካኝ ስለ ሚስቱ ሕመም የጻፈው ነው። ሴቲቱ «ትግረ ትየር» በሚባል፥ ከመንፈስ የመጣ ነው ተብሎ በሚታመን ደዌ ታመመች። ፒርስ አላመነም። ማስመሰል መስሎት በስውር በአለንጋ መታት። በዚያው ቅጽበት እንደ በድን ሆና ወደቀች፤ ጣቶችዋም ከመድረቃቸው የተነሣ ሊዘረጋቸው አልቻለም። ደነገጠ፤ ተጸጸተም። ከዚያም እንደ አገሩ ልማድ ዘመዶችዋ ጌጥ አልብሰው፥ ከበሮና መለከት አሰምተው፥ እስክትድን ድረስ እንድትጨፍር ፈቀደ። ሚስትን መምታት በማናቸውም ዘመን ክፉ ሥራ ነው። ነገር ግን ፒርስ ክፋቱንና ስሕተቱን ራሱ በእጁ ጽፎ ባይተውልን ኖሮ ማንም ሊያውቅበት አይችልም ነበር። ከሩቅ ሆኖ የሚስል ሰው የሌላውን ፊት ብቻ ይስላል፤ አብሮ የኖረ ሰው ግን የራሱንም ፊት በሥዕሉ ውስጥ ያገኘዋል።

በ1816 ራስ ወልደ ሥላሴ ዐረፉ። ወዲያውም በትግራይ ሁከት ተነሣ። «የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል» እንደሚባለው፥ በራስ ጥላ ሥር የነበሩት ሁሉ መጠጊያ አጡ። ፒርስም ጤናው ተጓድሎ ስለ ነበር በ1818 አገሪቱን ለቅቆ ወደ ግብፅ ሄደ። በዚያን ጊዜ ወዳጁ ሶልት በካይሮ የእንግሊዝ ቆንስል ጄኔራል ሆኖ ይሠራ ነበርና ተቀበለው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፒርስ ወደ ተወለደበት አገር ለመመለስ ተዘጋጀ። ነገር ግን አልሆነለትም፤ በ1820 በእስክንድርያ ወደብ፥ መርከቡ በሚሳፈርበት ከተማ ሞተ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበረ። ባሕር የወሰደው ልጅ ባሕር ዳር ቀረ።

የጻፋቸውን ወረቀቶች ሁሉ ለሶልት ተወለት። ሶልትም በ1827 በዚያው በግብፅ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሶልት ወዳጅ የነበረው ጆን ጄምስ ሆልስ ወረቀቶቹን አስተካክሎ፥ በ1831 የፒርስን የሕይወት ታሪክ በሁለት ክፍል በሎንዶን አሳተመ። ትምህርት ቤት አልወድም ብሎ የጠፋው ልጅ፥ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ የመጽሐፍ ደራሲ ሆነ። ዛሬም ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የሚመራመሩ ሊቃውንት የፒርስን መጽሐፍ ሳያነቡ አያልፉም።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። የሶልት ንድፍ የጠራና የተስተካከለ ነው፤ ያለ እርሱ አክሱምን እንደዚያ አድርጎ ለዓለም ያሳየ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ከመርከብ ላይ የተሣለ ዳርቻ ሰው የሌለበት ይመስላል፤ ተራራና ድንጋይ ብቻ ይታይበታል። የፒርስ ጽሑፍ የመርከበኛ ጽሑፍ ነው፤ ጌጥ የለውም፤ አንዳንድ ጊዜም ፍርዱ የተጣመመ ነው። ነገር ግን ሰው አለበት፤ የሚዋጋ፥ የሚያገባ፥ የሚታመም፥ የሚጸጸት ሰው ይገኝበታል። ፒርስ ያለ ሶልት ቢሆን ወረቀቱ ጠፍቶ በቀረ፤ ሶልትም ያለ ፒርስ ቢሆን የደጋውን ኑሮ ከውስጥ የሚነግረው ባላገኘ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር እጅና አብሮ የሚኖር ልብ።

ይሁን እንጂ ሁለቱም እንግዶች ነበሩ። አንደኛው ለመንግሥቱ ጥቅም ተልኮ፥ ሁለተኛው ዕድል ጥሎት መጣ። አገራችንን አይተው የጻፉልን እነርሱ ከሆኑ፥ እኛ ራሳችን መቼ ልንጽፍ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው በጠረጴዛችን ላይ ነው። የጂኦሜትሪ ትምህርት በምንማርበት ጊዜ ማስመሪያና ኮምፓስ እንይዛለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ይመስለናል። በዚያው ማስመሪያ የዲቾቶን መንገድ፥ የመንደራችንን ጕድጓድ፥ ግመሎቻችን የሚሄዱበትን የድሮ የቅፍለት መስመር ብንነድፍበት ምን ይከለክለናል? አያቶቻችን በዳጉ የሚነግሩንን የቦታ ስምና የጐሣ ታሪክ በደብተራችን ብንመዘግብ፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች መሪዎቹንም በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችሁ በምትሄዱበት ጊዜ፥ በሰፈራችሁ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱን ቀርባችሁ፥ ወደ ጨው አገርና ወደ ባሕር ይሄዱበት የነበረውን መንገድ ጠይቁ። የውኃውን ስፍራ ስም፥ የማደሪያውን ስም፥ የመሪዎቹንም ስም ጻፉ። ቢቻላችሁ ደግሞ መንገዱን በወረቀት ላይ ንደፉት። ያን ጊዜ «ስለ መርከብ ምን አግብቶን!» ብለው ለሳቁብኝ ጓደኞቼ መልሱን እናንተ ትሰጡልኛላችሁ።